ዶቃውን መልሱለት

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የምንለውን ግን አብዛኛውን ይረዳል። ከጥቂት ወራት በፊት የእማዬ የአንገት ጌጥ ተበጥሶ ዶቃው ወለሉ ላይ ተበተነ። እሱ አንድ በአንድ ለቅሞ በክር መሰካት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተወውም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀጥታ ወደ ዶቃው ነው። ሁሌም አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ሲጨርስ ፈቶ እንደገና ይጀምራል። አንዲት ዘመዳችን 'ዶቃ ኦቲዝምን ያድናል፣ በየቀኑ ሰዓት አስይዛችሁ አሠሩት' አለችን። እማዬ ደግሞ 'ጭራሽ በራሱ ዓለም ተዘጋ' ብላ ደበቀችበት። ከደበቀችው ወዲህ ማታ ማታ ቤቱን ሲዞር ያመሻል፤ እጁንም ይነክሳል። አጎቴ ደግሞ 'ድሮም የሴት ሥራ ነው' ይላል። ማንን ልስማ? ዶቃው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?»
— ታላቅ እህት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዶቃውን መልሱለት። ዛሬውኑ። ሌላውን ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን እናወራለን።

እናትሽም ዘመዳችሁም ለልጁ አስበው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል። ወንድምሽ ዶቃውን ለምን እንደፈለገው አላዩም። አንዷ መድኃኒት አድርጋ አየችው፣ እናትሽ ደግሞ በሽታ አድርገው አዩት። እኔ የምለው ሁለቱንም አይደለም። ዶቃው የእሱ ነው። የሚጠቅመውም የእሱ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው።

የዘመዳችሁን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ዶቃ ኦቲዝምን አያድንም። ኦቲዝም አንጎሉ ከጅምሩ ያደገበት መንገድ ነው፤ የሚሰማውን፣ የሚያየውን፣ ከሰው ጋር የሚግባባበትን ሁሉ የሚነካ። ይድናል ብሎ ዶቃ፣ ቅባት፣ ኪኒን ወይም ሌላ ነገር የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ በትህትና አመስግናችሁ እለፉ። የአጎትሽን ደግሞ ከዚህም አጭር አደርገዋለሁ። እጅ ሴትና ወንድ የለውም። ልጁ ደስ ብሎት የሚሠራው ሥራ ነው፤ በቃ።

የእናትሽ ስጋት ግን ቁም ነገር ያለው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

«በራሱ ዓለም ተዘጋ» የሚለው ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጃቸው አቀርቅሮ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ያያሉ፤ ሲጠሩት ቀና አይልም። ግን ቀኑ እንዴት እንደዋለ አስቢ። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን አምስተኛ እትም ሲያወጣ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪና ለሽታ ከተለመደው በላይ ወይም በታች መሰማትን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ይህን ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር። ክፍል ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ደወል ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያወራ፣ አንዱ ሳያስበው ሲገፋው ለወንድምሽ ሁሉም እኩል ጎልቶ ሊሰማው ይችላል። በዚያ ላይ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። እንዲህ ውሎ የገባ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሸክም ተሸክሞ እንደዋለ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የሚፈልገው ማውረድ ነው።

ዶቃ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነገር ነው። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ፍሬው ጣቱ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ትንሽ ድምፅ አለው፣ ከፊተኛው ጋር ሲነካካ ይቆማል። መጀመሪያውና መጨረሻው በዓይን ይታያል። ቢሳሳት ፈቶ ያስተካክለዋል፤ ማንም አይቆጣም፣ የሚበላሽም የለም። እንዲህ ያለ ነገር በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ያገኛል? ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ስለራሳቸው ሲናገሩም ሆነ ሲጽፉ ይህን ደጋግመው ያነሱታል። መወዛወዝ፣ እጅ ማርገብገብ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ መንካት ራሳቸውን የሚያረጋጉበት መንገድ እንደሆነ፣ ሲከለከሉም ጭንቀቱ በሌላ በኩል እንደሚወጣ። አንቺም እኮ በደብዳቤሽ ይህንኑ ጽፈሻል። ዶቃው ተደበቀ፣ እጅ መንከስ መጣ።

በ2005 እ.ኤ.አ. ዲና መሪ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ሞኖትሮፒዝም የሚል ሐሳብ በሰፊው አቅርበው ነበር፤ ሎውሰን ራሱ ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው። ሐሳቡ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ትኩረቱን በየቦታው በትኖ ይኖራል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ግን ትኩረቱ በአንድ ወይም በጥቂት ነገር ላይ ጠልቆ ይገባል። እዚያ ውስጥ ሳለ በድንገት ሲጎትቱት በጣም ያመዋል። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «አይሰማም» የሚባሉትን ልጆች የማይበት መንገድ ተለውጧል። ወንድምሽ ስትጠሩት ቀና የማይለው እናንተን ስላልፈለገ ላይሆን ይችላል፤ ጠልቆ ስለገባ ነው።

ደግሞ ከዶቃ ጋር በጣም የሚቀራረብ አንድ የቆየ ነገር ልንገርሽ። ሊዮ ካነር የሚባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ባሳተመው ጽሑፍ ነው ኦቲዝም ዛሬ በምናውቀው መልኩ መታወቅ የጀመረው። የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ይባላል። ካነር ስለ እሱ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ አዝራር በክር ሲሰካ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እንደሚሰካ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲታይ ምንም ዓይነት ንድፍ አልነበረውም። ነገሩ ሲጠና ግን አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳየው የሰካበት ቅደም ተከተል ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። ላየው ሰው ልጁ ብቻውን፣ ትርጉም የሌለው ነገር የሚደጋግም ነው። ክሩ ላይ ያለው ግን አባቱ ያሳየው ነው። ዶናልድ ትሪፕሌት አድጎ ባንክ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠራ፣ መኪና ነዳ፣ ብዙ አገር ዞረ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ89 ዓመቱ ዐረፈ። አዝራሩ ነው እዚያ ያደረሰው እያልኩ አይደለም። የሚደጋግም ልጅ ሁሉ ከሰው ተለይቷል ማለት እንዳልሆነ ልነግርሽ ፈልጌ ነው።

እስቲ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እናትሽ ያንን የአንገት ጌጥ አድርገው የተነሱት የቆየ ፎቶ ካለ ፈልጊ። የወንድምሽን ቅደም ተከተል ከጌጡ ጋር አስተያዪው። ላይገጥም ይችላል፤ የራሱ ፈጠራ ቢሆንም ደስ ይላል። ቢገጥም ግን ለእናትሽ እኔ ከምጽፈው ሁሉ የበለጠ ይነግራቸዋል።

አሁን ወደ ጥቅሙ። አንዳንዱ ጥቅም ተጋኖ ይወራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም።

ለእጅ ይጠቅማል፤ ይህ እውነት ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጥቃቅን የእጅ እንቅስቃሴ ይከብዳቸዋል፤ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር፣ በመቀስ መቁረጥ። ዶቃ ሲሰካ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ተገጣጥመው ትንሽ ነገር ይይዛሉ፣ ሌላው እጅ ክሩን ይዞ ይጠብቃል፣ ዓይን ቀዳዳውን ይፈልጋል። ሦስቱ አብረው ይሠራሉ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምዱ ባለሙያዎች፣ ዶቃ የሚያሠሩትም ለዚህ ነው። ግን ዶቃ ስለሰካ ብቻ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰው የሚጎብዘው በዋናነት በሚለማመደው ነገር ነው። ቁልፍ መቆለፍ ከፈለጋችሁ ቁልፍ ራሱን ማለማመድ ነው፤ ዶቃው ጣቱን ያፍታታለታል።

ብዙም የማይነገረው ጥቅም ደግሞ ከሰው ጋር መሆን ነው። ብዙ ሰው መቀራረብ ማለት ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ማውራት ይመስለዋል። ለወንድምሽ ግን ይህ ከባድ ፈተና ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን ተቀምጦ እጅ ላይ ባለ ሥራ መገናኘት ይቀለዋል። ስለዚህ የራስሽን ሳህንና የራስሽን ክር ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። የእሱን አትንኪ። አታስተምሪው፣ «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ብለሽም አትፈትኚው፤ 16 ዓመቱ ነው፣ ቀለም ያውቃል። ዝም ብለሽ የራስሽን ሥሪ። አንድ ቀን የምትፈልጊውን ቀለም ገፋ ያደርግልሽ ይሆናል፣ ወይም የተሳሳትሽውን በጣቱ ያሳይሽ ይሆናል። እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ትልቅ ንግግር ነው። ባይመጣም ግን አብራችሁ ተቀምጣችኋል፤ ያም ራሱ ጥሩ ነው።

ሌላው ደግሞ ጎበዝ ሆኖ መታየት ነው። ብዙ ቦታ የሚነገረው ያልቻለው ነገር ነው። ዶቃ ላይ ግን እሱ ነው አዋቂው። ለዝርዝር ነገር ያለው ዓይንና ትዕግሥቱ እዚህ ጌጥ ሆኖ ይወጣል። ሲሠራ አይተሽ ከልብ የወደድሽው ካለ ለይተሽ ንገሪው፤ «ነጩን ከሰማያዊው አጠገብ ያደረግክበት ደስ ይላል» በይው። «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያሉ ማጨብጨብ ግን ለአንዳንዱ ልጅ ራሱ ጩኸት ነው።

ሠርቶ ፈትቶ እንደገና መጀመሩ አሳስቦሻል መሰለኝ። እኔን አያሳስበኝም። እሱ የወደደው መሥራቱን ነው፤ ያለቀው ነገር የእኛ ፍላጎት ነው። «እንዳትፈታው!» ብላችሁ አትቀሙት። አዲስ ነገር ልትሰጪው ከፈለግሽ አጠገቡ አስቀምጪለትና ተዪው። አንድ አዲስ ቀለም፣ ወይም አንድ የካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ እንደ አንድ ዶቃ ተቀብቶ የተሠራ ንድፍ። ከነካው ነካ። ካልነካው አንሺው፤ ሌላ ጊዜ ሞክሪ። ንድፍ የሚወድ ከሆነ በትንሽ የዶቃ መሸመኛ ረድፍ በረድፍ መሥራትም አለ፤ ቁጥርና ተመሳሳይነት የሚያስደስታቸው ሰዎች በጣም ይወዱታል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ኦቲዝም ስላለበት ብቻ የሕፃን ፕላስቲክ ዶቃ አትግዙለት። የጀመረው በእናቱ ጌጥ ነው፤ ደህና የመስታወት ወይም የእንጨት ዶቃ ይገባዋል። የመስታወት ዶቃ መጠን ሲጻፍ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍሬው ያንሳል። 6/0 የሚባለው ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ 8/0 ወደ 3፣ 11/0 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው። በ6/0 መጀመር ይሻላል፤ ሲፈልግ ይቀንሳል። ምንጩ ያልታወቀ የብረት ወይም ያረጀ ቀለም ቅብ ዶቃ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ይቅርባችሁ። ክሩ እየተልፈሰፈሰ ካስቸገረው ጫፉን ሙጫ ወይም የጥፍር ቀለም ነክረሽ አድርቂው፤ መርፌ ሳያስፈልግ ቀጥ ይላል። እጁ በጣም ለሚቸገር ደግሞ ከክር ይልቅ ፀጉራም ለስላሳ ሽቦ ይቀላል፤ ዶቃውም አያመልጥም። ሳህኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉበት። ፍሬዎቹ አይንከባለሉም፣ የሚንኳኳው ድምፅም ይቀንሳል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የክሩ ስሜት የሚቀፈው ከሆነ በፊቱ ይታወቃል፤ ሌላ ክር ሞክሩ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ዶቃ ጭራሽ አይወድም። ለዚያ ሰው ሌላ ነገር መፈለግ ነው እንጂ በግድ ማስያዝ አያስፈልግም።

ይህኛውን ግን ኮስተር ብዬ ነው የምነግርሽ። አፉ ውስጥ ነገር ይከታል? ምግብ ያልሆነ ነገር መዋጥ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው በበለጠ ያጋጥማል፤ በልጅነት ብቻም አይቀርም። እንዲህ ያለ ልማድ ካለው ከዶቃው ጋር ብቻውን አትተዉት፤ ትልልቅ ፍሬ ተጠቀሙ፣ ስትጨርሱም ቆጥራችሁ አንሱ። ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ካለም ዶቃው ከፍ ያለ ቦታ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። የመጫወቻ ዕቃ ደኅንነት ሲፈተሽ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚጠቀሙበት መለኪያ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ለማነቅ ያሰጋል ተብሎ ይከለከላል። አብዛኛው ዶቃ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁለት ዓይነት ደግሞ ጭራሽ ቤታችሁ አይግባ። አንደኛው ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያብጠው የጄል ፍሬ ነው። ለስሜት ማርኪያ ጥሩ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ከተዋጠ ግን ሆድ ውስጥ አብጦ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው ትንንሽ የማግኔት ፍሬ ነው። ሁለት ከተዋጠ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስቦ አንጀቱን ሊበሳ ይችላል። እነዚህን የዋጠ ሰው ሲታመም እስኪታይ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

መቼ ነው በዛ የሚባለው? በሰዓት አትለኪው፤ ልጁን እዪ። ከዶቃው ሲነሳ ሰውነቱ ላላ ካለ፣ ከበላ፣ ከተኛ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ እናንተ ከመጣ ዶቃው ሥራውን ሠርቷል። በዶቃው ምክንያት ምግብና እንቅልፍ ከተወ፣ ጣቱ እየቆሰለ ካላቆመ፣ ወይም ሲሠራ ራሱ ፊቱ ተጨንቆ አንድ ፍሬ ባልገጠመ ቁጥር ከተናደደ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔም ቢሆን መደበቅ አይደለም መፍትሔው። ምን እንዳስጨነቀው መፈለግ ነው።

ማስቆም ሲኖርባችሁ ደግሞ «አምስት ደቂቃ ቀርቶሃል» ለብዙ ልጅ ባዶ ቃል ነው፤ ደቂቃ አይታይም። «ይሄ ሰማያዊ ሲያልቅ ራት እንበላለን» ስትይው ግን መጨረሻውን በዓይኑ ያየዋል። የጀመረውን እንዳለ ተዉለት። ሳህኑን ከነክሩ አንስታችሁ አንድ ቋሚ ቦታ አድርጉ፤ ከራት በኋላ እዚያው እንደሚያገኘው እርግጠኛ ይሁን። አንድ ፍሬ ጠፍቶ ቅደም ተከተሉ እንዳይበላሽበትም ከየቀለሙ ጥቂት ትርፍ ያዙ። የተሰካች አጭር ክር ኪሱ ውስጥ ብትኖር ደግሞ ወረፋ ሲጠብቅ፣ መኪና ውስጥ፣ ሐኪም ጋ በጣቱ እየቆጠረ ይቆያል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ዶቃውን ሽልማትም ቅጣትም አታድርጉት። «ካልበላህ ዶቃ የለም» የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይውጣ፤ መረጋጊያውን የሚነጥቁት ልጅ እንዴት ይረጋጋል? በየቀኑ ሰዓት አስይዞ ማሠራትም ያው ነው፤ ግዴታ ሲሆን የወደደውን ነገር ያስጠላዋል። ነገ ደግሞ «እየሸጠ ይተዳደርበት» የሚል ሰው ይመጣል። እሱ ከፈለገ መልካም ነው፤ ኦቲዝም ያለባቸው ሆነው በእጅ ሥራቸው የሚኮሩና የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ትእዛዝና ቀነ ገደብ ሲመጣ ግን ማታ ማታ የሚያርፍበት ነገር ሥራ ይሆንበታል። ስለዚህ ለሽያጭ የሚሠራው እና ለራሱ የሚሠራው ይለይ። የሠራውን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊትም ጠይቁት። ባይናገር እንኳ ሁለት ክር ፊቱ አድርገሽ የሚሰጠውን እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱንም ወደ ራሱ ከሳበ መልሱ ተሰጥቷል።

እናትሽን እንዴት ታናግሪያቸው? አትከራከሪያቸው። «እማዬ፣ ተሳስተሻል» ማለት ሌላ ግድግዳ ነው። ዶቃው ከተመለሰለት በኋላ ያለውን አንድ ምሽት አብረሽ ተቀምጠሽ ያሳዪያቸው። እንዴት እንደተኛ ይዩ። ከቻሉ አጠገቡ እንዲቀመጡ ጋብዢያቸው፤ ጌጡ የእሳቸው ነበር፣ ስለ ዶቃ ከሁላችሁም የተሻለ የሚያውቁት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሲደብቁበት የነበረው ሰው እሳቸው ስለሆኑ ሳህኑን በእጃቸው ቢያቀርቡለት ደግሞ ለሁለቱም ይጠቅማል።

የእጅ መንከሱን ነገር ግን ዶቃው ከተመለሰ በኋላም ተከታተይው። ከቀነሰ ምክንያቱን አግኝታችኋል። ካልቀነሰ «ኦቲዝሙ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ የማይናገር ልጅ ጥርሱን፣ ጆሮውን ወይም ሆዱን ሲያመው የሚናገረው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጥርሱን ጨምሮ ሐኪም ይየው። ከመሄዳችሁ በፊት መቼ እንደጀመረው፣ በቀን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚብስበት፣ ከመብላቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ጽፈሽ ያዢ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው የሚሆኑት።